እሁድ አራት ሰዓት ያልጮኸው ስልክ

እስካሁን ላልተከታተላችሁ በአጭሩ ልጨርሰው። ሁለት ዓመት ወደድኩት። ሁለት ዓመት እናቴ አልወደደችውም።

እሱ በያጅ ነው፤ የድልድይ ብረት ይበይዳል። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። የኔ አባት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቴ ግን ዛሬም የዳይሬክተር ሚስት ናት። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ደም እቀዳለሁ፣ ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ ውጤት እሰጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው «ደረሰ ወይ?» ይለኛል፣ እኔ «ጠብቁ» እላለሁ። ራሴ ግን መጠበቅ አልችልበትም።

ባለፈው ወር እናቴ በመጨረሻ አፏን ከፈተች።

«ይደውል» አለች።

«ማን?»

«አባቱ ነዋ! ልጄን የሚፈልግ ሰው አባቱን ያስደውል። በቤት ስልክ። ጓዳ ገብተሽ በኪስ ስልክ ስትንሾካሾኪ ሁለት ዓመት ሰማሁ። እሱ ጥያቄ አይባልም፣ ሌብነት ነው።»

«እማዬ፣ የቤት ስልኩ እኮ ተቆርጧል።»

«ይቀጠላ።»

የቤታችን ስልክ ቁጥር ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። የአባቴ ተማሪዎች፣ የተማሪዎቹ ወላጆች፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እናቴ ቁጥሩን ስትናገር የመዓርግ ስም የምትጠራ ነው የሚመስለው። የድሮው ሽቦ ከመንገዱ ላይ ሲነሳ ግን ስልኩም አብሮ ዝም አለ። የስልክ ኩባንያው ጋ ሄጄ ስጨቃጨቅ፣ ቁጥሩን እንደያዛችሁ በኢንተርኔት ይሠራላችኋል አሉኝና አንድ ነጭ ሳጥን አስታቀፉኝ። ራውተር። ዋይፋዩም ከሱ፣ ስልኩም ከሱ። «ቀላል ነው፣ ራስሽ ትሰኪዋለሽ።» ቀላል ነው ያለኝን ሰው ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ለሱ ነገርኩት። ከሥራ ቦታው የዐሥር ቀን ፈቃድ ወሰደ።

«እሁድ አራት ሰዓት አባቴ ይደውላል» አለኝ። «እናትሽ እሺ ካሉ ማክሰኞ እናንተ ቤት ነን። ፈርተሻል?»

«ምን ያስፈራኛል?»

«እኔ ፈርቻለሁ» አለ፣ ሳቀ።

እናቴ ደግሞ ሕጓን ጨመረች። «አንድ እሁድ ነው የምሰጠው። ካልደወለ ስሙ እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። በኔም አይነሳም፣ ባንቺም አይነሳም።» እናቴ እንዲህ ካለች አለች ነው። ለአባቴ ወንድም እንዲህ ብላው አሥራ አራት ዓመት አላናገረችውም።

አርብ ከሰዓት አርባ ደቂቃ ለምኜ ከክሊኒክ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሳጥኑ የለም።

«የታለ?»

«ሸፈንኩት» አለች እናቴ። ጠዋት የሰካሁትን ራውተር ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ድርብ ዳንቴል አልብሳዋለች። ላዩ ላይ የአባቴን ፎቶ አቁማለች።

«እማዬ! ይግላል እኮ! መተንፈስ አለበት!»

«ዓይኑን እያርገበገበ ያፈጥብኛል። ሰው ቤት መጥቶ እንዲህ የሚያፈጥ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ስነካው ምጣድ ሆኗል። ዳንቴሉን ገፈፍኩ፣ ፎቶውን አነሳሁ፣ የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ሰውዬ መጣ። ሲናገር ቡና ቤት ተደግፎ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«እህቴ፣ ስንት መብራት ነው የሚታይሽ?»

«ሦስት።»

«አራት መሆን አለበት። የስልኩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«አልበራም እያልኩህ! ያልበራ መብራት ምን ቀለም አለው?»

«ልክ ነሽ» አለ። ልክ ነሽ ሲለኝ የበለጠ ተናደድኩ። «ከኋላው ትንሽዬ ቀዳዳ አለች። ቀጭን ነገር አስገቢና አሥር ሰከንድ ተጭነሽ ያዢ።»

መርፌ እንጀራዬ ነው። ያዝኩ። ሦስቱም ጠፉ፣ አንዱ በራ፣ ሁለት በሩ፣ ሦስት። ቆመ። እንደገና። ሦስት። ቆመ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ቀስ በይ፣ ቀስ ብለሽ ያዢው» ትለኛለች። ሰዓቱ ሃያ ስድስት ደቂቃ በልቷል። ሰውዬው ከወዲያ የሆነ ነገር ሲተይብ ይሰማኛል፤ ጣቱን እያንዳንዷ ፊደል ላይ የሚያሳርፍ ይመስላል።

«እኔ ጋ ቁጥራችሁ አልተመዘገበም ነበር፤ አስገባሁት። አሁን አጥፍተሽ አብሪው።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። አራተኛው አረንጓዴ ሆነ። እናቴ «እሰይ!» አለች፣ ወዲያው ደግሞ እንዳላለች ሆነች። የድሮውን የቤት ስልክ ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ያገኘሁት መሰኪያ ውስጥ ወሸቅኩት። እጀታውን አነሳሁ። ያ የሚያዛጋ የሚመስል ረጅም ድምፅ መጣ። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ፤ አነሱት።

«ሠራ!» አልኩት ሰውዬውን በሞባይሌ።

«በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ እኔ ልደውልልሽና ገቢ ጥሪውን እንሞክር።»

«ሠርቷል አልኩህ እኮ። ሰው ጋ ደውዬ አነሳ።»

«አንድ ደቂቃ ነው፣ እህቴ።»

«አንድ ደቂቃ የለኝም። አመሰግናለሁ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ወደ ክሊኒክ ስሮጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ደስታ ሳስባት አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል።

እሁድ እናቴ ከቤተ ሰብ ጋር ፎቶ የምንነሳ ይመስል ለበሰች። ግራጫውን ቀሚስ። ስልኩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አነባበረች። አራት ሰዓት ሞላ።

ስልኩ ዝም።

አራት ከአምስት። አራት ከሩብ። እጀታውን አንስቼ አዳመጥኩ፤ ድምፅ አለው።

«አትንኪው! መስመሩን ትይዢበታለሽ» አለች። ገረመኝ። ለካ እሷም እየጠበቀች ነው። ለካ እንዲደውል ፈልጋለች።

አራት ተኩል። የመንገዱ መኪና፣ የጎረቤት በር፣ የሰዓቱ ቆጠራ፣ ሁሉም ይሰማል። ስልኩ ብቻ አይሰማም። አምስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ተነሳች፣ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች።

«ልብስ ቀይሬ ልምጣ» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው ሞባይሌ የተንቀጠቀጠው። መልእክት ነው፣ ከሱ። «ገባኝ። ከእንግዲህ እናትሽን አናስቸግርም። ደህና ሁኚ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገባኝ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ምን አለው? አባቱን ማስደወል አቃተውና አሁን እኛን ላለማስቸገር ብሎ ነው? ደወልኩለት፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋው። አንዲት ቃል ጻፍኩለት። «ፈሪ።» ላኩት። እንዳነበበው አየሁ። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

ሰኞ ዝግ። ማክሰኞ ዝግ። እንመጣለን ያሉበት ማክሰኞ እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰውዬ «እህት፣ መርፌው አመመኝ» ሲለኝ «ሁሉም ያመዋል» አልኩት። ኃላፊዬ ሻይ ጠጥቼ እንድመጣ አዘዘችኝ። ሐሙስ ዝግ። ቅዳሜ ማታ የሱን ፎቶ ከስልኬ ላጠፋ ከፍቼ አላጠፋሁትም። የተናደድኩት በሱ ነው ብዬ ነበር። የናፈቀኝም እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አይቻቻሉም፤ እንቅልፍ ይነሳሉ።

በማግሥቱ እሁድ ከምሳ በኋላ የእናቴ ባልንጀራ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህር ናት፤ ተማሪ ያጣች ጊዜ እኛን ነው የምትቆጣው።

«ኮራሽ ወይስ ሞትሽ?» አለች እናቴን።

«ምን አደረግኩሽ ደግሞ?»

«ሳምንቱን ሙሉ ብደውል አታነሺም! ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ስልክ አስገባሁ ብለሽ አገር ካስጨነቅሽ በኋላ!»

«ውሸትሽን ነው። ይኸው እዚህ ተጎልቼ ነው የምውለው፤ አንድ ቀን አልጮኸም።»

ሞባይሌን አወጣሁ። የቤታችንን ቁጥር ነካሁ። ጆሮዬ ላይ ይጠራል። ከፊቴ ያለው ስልክ ግን እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ሦስታችንም አየነው። ጆሮዬ ላይ አምስት ጊዜ ከጠራ በኋላ አንዲት ለስላሳ የሴት ድምፅ መጣች፦ «አሁን ማንሳት አልቻልንም። ከድምፁ በኋላ መልእክትዎን ይናገሩ።»

ሞባይሌን ዘጋሁ።

ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። እድሌ ነው፣ ያ ሰውዬ አነሳ።

«እህቴ፣ ያኔ ልሞክርልሽ ብዬሽ ነበር እኮ» አለ። በክፋት አይደለም ያለው። ለዚህ ነው የከፋኝ። «ከኋላው ሁለት የስልክ መሰኪያ አለ፤ አንድና ሁለት። የትኛው ላይ ነው የሰካሽው?»

ሳጥኑን አዞርኩት። «ሁለት።»

«በሁለቱም መደወል ይቻላል። ሲደወልላችሁ የሚጮኸው ግን አንድ ላይ ያለው ብቻ ነው። ያልተነሳው ወደ ድምፅ መልእክት ይሄዳል። ሰባት መልእክት ነው ያላችሁ።»

ላብራቶሪ ውስጥ ጠዋት ማሽኑ ሲበራ፣ መጀመሪያ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ነው የሚገባው። ኮንትሮል እንለዋለን። ኮንትሮሉ ሳይሞከር የማንም ደም አይነካም። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን ዘልዬው አላውቅም። ለማላውቀው ሰው ሽንት ያልነፈግኩትን አንድ ደቂቃ ለራሴ ሕይወት ነፈግኩት።

ገመዱን ነቅዬ አንድ ላይ ሰካሁ። ሰውዬው የነገረኝን ቁጥር ደወልኩ፣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩ። የመጀመሪያው መልእክት፦ ያለፈው እሁድ፣ አራት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ።

ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ሃሎ። እ… ልጅቷ ከድምፁ በኋላ ተናገር ብላኛለች። ድምፁን ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ፣ ጸሐፊዎ ትሑት ናት።»

መምህሯ ፈነዳች። «ጸሐፊ! ጸሐፊሽ ናት ብሎ ነው!»

«ዝም በይ!» አለች እናቴ።

«እንደምን አሉ፣ እመቤቴ? የልጁ አባት ነኝ። ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ከሰው ሳይሆን ከኔ ይስሙት ብዬ ነው። ልጄን ከክፍሉ አስወጥቼዋለሁ፤ ስለሱ ሲወራ ቆሞ ሊሰማ አይገባም።» ዝም አለ። «ይሰሙኛል?» ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማል፤ መልስ እየጠበቀ ነው። «እሺ። ትልቅ ሰው ጨርሶ ይሰማል እንጂ መሀል አይገባም። ደግ ነው።»

መምህሯ መሳቋን ተወች።

«ልጄ እንከን የለውም አልልዎትም። ግልፍ ይለዋል። ጫማውን በር ላይ ጥሎ ይገባል። ግን እናቱ የታመመች ጊዜ አራት ወር ተሸክሞ ነው ያጠባት። እኔ አቅቶኝ ነበር፣ እመቤቴ። ባልዋ ሆኜ አቅቶኝ ነበር። ይኼን ለሰው ነግሬ አላውቅም።» እንደገና ጠበቀ። ረጅም ጠበቀ። «ልጅዎን አንድ ቀን ነው ያየኋት። ተቻኩላ መጣች፣ ሻዩን ቆማ ጠጣች፣ ተቻኩላ ሄደች። ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ሁለት ክፍል ናት። እሷ ብትመጣ ግን…»

ጢጥ አለ። ቆመ።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ሰዓቱ አለቀ። ማሽኑ ቆረጠው።»

«ሳይጨርስ?»

«ሳይጨርስ።»

እናቴ ወንበሩን ያዘች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር አባቴ ሲሞት እንኳ አላየሁትም። ኀፍረት ነበር።

«ዘጋችብኝ ብሎ ነው የሄደው» አለች። «ሚስቱን ማጠብ እንዳቃተው እየነገረኝ፣ እኔ ዝም ብዬ ሰምቼ፣ ዘጋሁበት። እሱ የሚያውቀው ይኼን ነው። የተባረረ ተማሪ አባት ቤቴ ደውሎ ሲሰድበኝ እንኳ ዘግቼበት አላውቅም! ቁጥሩን ስጪኝ።»

«እማዬ፣ ቆይ እኔ መጀመሪያ…»

«ያንቺን መጀመሪያ አየሁት። ቁጥሩን ስጪኝ።»

የአባቱን ቁጥር ሰጠኋት። ደወለች። ድምፅ ማጉያውን ራሷ ዘጋችው፤ ቆማ ነው ያናገረችው።

«እንደምን ዋሉ? እኔ… የልጅቷ እናት ነኝ። አይ፣ እኔ አልዘጋሁም። አይ። ጸሐፊ የለኝም። ማሽን ናት። አዎ፣ ትናገራለች፣ ግን ሰው አይደለችም። ማሽን! እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስልኩ አልጮኸም። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የጠበቅኩዎት። አዎ። እኔም።»

መምህሯ ክንዴን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ሲገባ ይታወቀኛል።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች እናቴ። «‹እሷ ብትመጣ ግን› ላይ ነው የቆመብን። ይጨርሱልኝ።»

ከዚያ ዝም ብላ ሰማች። ምን እንዳለ እስከዛሬ አልነገረችኝም። ያየሁት ይኼን ብቻ ነው፦ ነጻ እጇ ቀስ እያለ ወደ አንገቷ ወጣ፣ የቀሚሷን ቁልፍ ያዘ፣ እዚያው ቀረ።

«የኛ ቤት ሰፊ ነው» አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «ሰፊ ሆኖ ምን ጠቀመን?» አፍንጫዋን ሳበች። «ማክሰኞ እንጠብቃችኋለን። ልጁስ አለ?»

እጀታውን ዘረጋችልኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ከሷ እጅ እርጥብ ነበር።

«ሃሎ» አለ። ሰባት ቀን ያልሰማሁት ድምፅ። ይቅርታ ልል ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«መሰኪያ ሁለት ላይ ነበር።»

«ምን?»

«ገመዱ። አንድ ላይ መሆን ነበረበት። ሰውዬው ልሞክርልሽ ሲለኝ ቸኩዬ ዘጋሁበት።»

«ፈሪ አልሽኝ» አለ።

«አልኩ።»

«አባቴ በስልክ ለማናገር ኮፍያውን አውልቆ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ማንም ለማያየው። ከክፍሉ ሲወጣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። ‹አልፈለጉንም› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮፍያውን አላደረገውም። ሳምንቱን ሙሉ እሱን እሱን ሳይ…» አልጨረሰውም። «እያለቀስሽ ነው?»

«ተናድጄ ነው።»

«በማን?»

በሳጥኑ። በኩባንያው። በሁለቱ መሰኪያዎች፣ ጎን ለጎን አንድ ዓይነት አድርጎ በሠራቸው ሰው። በራሴ። አንድ ሽማግሌ ሰው ሰባት ቀን ያለ ኮፍያ የኖረው እኔ አንድ ደቂቃ የለኝም ስላልኩ ነው።

«አባትህን ስጠኝ» አልኩት።

«እኔንስ?»

«አንተን በኋላ። መጀመሪያ እሱን።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። ያ ጉሮሮ ተጠረገ። «ሃሎ?» አለ። አፌን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል የማያልቅበት አፍ፣ ባዶ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ መምህሯም ክንዴን ለቀቀች። እኔ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ እተነፍሳለሁ፣ እሱም ከወዲያ ይተነፍሳል።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አለኝ። «ቀስ በይ። አልዘጋም።»

ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ቀስ በይ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ያን ቀን ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቀስ ብዬ አለቀስኩ።